ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ

ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ ሁለት ክፍል ይዞ በሚሠራ ትንሽ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ውስጥ ፎርም እሞላለሁ፣ ቀጠሮ አስይዛለሁ፣ አስተረጉማለሁ። አንድ ቀን ከአንድ ኮሌጅ አንዲት አስተማሪ ደወለች። ተማሪዎቿ ክፍል ውስጥ የተማሩትን ሰፈር ወጥተው፣ ሰው እያገለገሉ የሚለማመዱበት ኮርስ አላት፤ አብሯት የሚሠራ ማኅበር ትፈልጋለች። ኮሌጅ እኛን ፈልጎ ሲደውል የመጀመሪያው ስለነበር ሳላስብበት እሺ አልኩ።

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። አራት ተማሪዎች የቤት ውስጥ አየር የምትለካ፣ መዳፍ የምታክል ነጭ ሳጥን በስድስት ቤቶች ያስቀምጣሉ። አየሩ ደህና ሲሆን መብራቷ አረንጓዴ ነው፤ ሲበላሽ ቢጫ፣ በጣም ሲከፋ ደግሞ ቀይ ይሆናል። ቁጥሩ በየቤቱ ዋይፋይ በኩል ኮሌጁ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። ቤቶቹን መፈለግ የእኔ ድርሻ ሆነ። ሰው እንግዳ ዕቃ ቤቱ ማስገባት ይፈራል፤ አይፈረድበትም። "ይቀርጸናል እንዴ?" ያሉኝ ነበሩ። ሁሉንም ያግባባሁት "እኔ አለሁ አይደል?" እያልኩ ነው።

የመጨረሻው ቤት ሞንትቤሎ ሰፈር ነበር። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ባልየው ታክሲ ሲነዱ፣ ሚስትየዋ ደግሞ ሆስፒታል ሲያጸዱ ነው የኖሩት። ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ናቸው። እማማና አባባ እያልኩ ነው የምጠራቸው። አባባ ሳጥኗን አገላብጠው አዩና "ቀይ ስትሆን ምን እናድርግ?" አሉ።

ጥያቄውን ለአስተማሪዋ ተረጎምኩላት። ተማሪዎቹ እሷን አዩ፤ እሷ ሳጥኗን አየች። "ዳታው ለእኛ ይደርሰናል" አለች በእንግሊዝኛ።

እኔም ወደ አባባ ዞሬ "እነሱ ይከታተላሉ፤ አያስቡ" አልኳቸው።

እሷ ግን ይከታተላሉ የሚል ቃል አልወጣትም። ልዩነቱ ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር። ተማሪዎቹ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ቆመዋል፤ እማማ ምሳ ካልበላችሁ ብለው ወደ ኩሽና ተነስተዋል፤ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጌ ዝም አልኩ።

ከኮሌጁ ጋር የፈረምነው ውል አንድ ገጽ ነበር። ተማሪዎቹ ስንት ሰዓት እንደሚያገለግሉ ይናገራል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሳጥኖቹ ምን እንደሚሆኑ፣ ማን እንደሚያያቸው ምንም አይልም። እኔም አልጠየቅኩም።

ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹ ኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ ሥራቸውን አቀረቡ። የእማማ ሳሎን ፎቶ ትልቅ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ፈተና ስለነበረባቸው ቶሎ ቶሎ አውርተው ወጡ። ፖስተሩን እየጠቀለሉ ሳለ አስተማሪዋን "ሳጥኖቹስ?" አልኳት።

"እዚያው ይቆዩ። ጃንዋሪ ላይ አዲስ ተማሪዎች ይቀጥሉበታል" ብላ አቀፈችኝ።

ወደ ፓርኪንጉ ስወጣ ሕንጻው መብራቱን ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ እያጠፋ ነበር። በየቤቱ ስለቀሩት ሳጥኖች አሰብኩ። መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

ከዚያ ብርዱ መጣ፤ ሁለት ቀን ሙሉ በረዶ ጣለ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ እማማ ደወሉ።

"ልጄ፣ ያቺ ዕቃ ቀይ ከሆነች ሦስት ቀኗ ነው። ደህና ነው አይደል?"

"ሦስት ቀን? እንዴት ዝም አሉ፣ እማማ?"

"እነሱ እያዩት አይደል እንዴ? የሚያሰጋ ቢሆን ይደውሉ ነበር ብለን ነው እንጂ።"

አባባ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። "ጉንፋን ጥሎት ተኝቷል። ራሴን ራሴን ይላል፤ እኔንም ያዞረኛል። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ያወራውን መልሶ ያወራል።"

የቢሮውን ስልክ ወደ እኔ ሳብኩ። "አሁኑኑ ከቤት ይውጡ። እሳቸውንም ይቀስቅሱና ይውጡ።"

"በዚህ በረዶ?" አሉና ስልኩን የሆነ ቦታ ሲያስቀምጡት ተሰማኝ። የአባባን ስም ጠሩ። ደግመው ጠሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠሩ ድምፃቸው ተለወጠ። የአባባን መልስ ግን አልሰማሁም።

በቢሮው ስልክ ወደ አደጋ ጊዜ ጥሪው 911 ደውዬ አድራሻውን ሰጠሁ። ወደ መኪናዬ እየሮጥኩ አስተማሪዋ ጋ ደወልኩ፤ አታነሳም። ኢሜይል ላኩላት። ወዲያው መልስ መጣ፤ ግን ማሽኑ በራሱ የሚልከው ነበር፤ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ዕረፍት ላይ ነኝ፣ መልካም በዓል ይላል።

ቻምበርስ መንገድ በበረዶ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ይንፏቀቃል። ስደርስ የእሳት አደጋ መኪናው በሩ ላይ ቆሟል። እማማ በነጠላ ጫማ፣ ብርድ ልብስ ተደርቦላቸው አምቡላንስ ውስጥ ተቀምጠዋል። አዩኝ፤ ግን ማን እንደሆንኩ ለመለየት ጊዜ ወሰደባቸው። አባባን በቃሬዛ ሲያወጧቸው ከአንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ደረት ላይ የተንጠለጠለ የጋዝ መለኪያ ሳያቋርጥ ይጮኻል።

ምድር ቤት ያለው የማሞቂያው ጭስ ማውጫ ቱቦ ከመጋጠሚያው ወልቆ ነው አሉኝ። ወደ ውጭ መውጣት ያለበት ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ቤቱ ውስጥ ሲሞላ ሰንብቷል። ኮሪደሩ ላይ ያለው የጋዝ ማንቂያ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። መስኮቶቹ ደግሞ ብርድ እንዳያስገቡ በፕላስቲክ ታሽገዋል። "አንድ ሌሊት ቢጨመር ኖሮ" አለና ሰውየው ሳይጨርሰው ወደ መኪናው ሄደ።

በኋላ የእማማን ጫማና መድኃኒት ላመጣ ፈቅደውልኝ ገባሁ። ሳጥኗ መደርደሪያው ላይ ነች፤ ከበላይዋ የዳንቴል ጨርቅ ተጥሎባታል። መብራቷ እንቅልፍ ስለነሳቸው ሸፍነዋት ነበር።

ያንኑ ዕለት የቀሩትን አምስት ቤቶች ዞርኩ፤ ግሪን ቫሊ ራንችም፣ ኮሜርስ ሲቲም። ሳጥኖቹን ነቀልኩ። "ምነው?" ሲሉኝ "የሚያያቸው ሰው የለም" አልኩ። ይህን መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ።

አባባ ገና ሆስፒታል ሳሉ ለእማማ እውነቱን ነገርኳቸው። "አስተማሪዋ ይከታተላሉ አላለችም፤ እኔ ነኝ ያልኩት።"

"እኛ የሰማነው አንቺን ነው" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጃንዋሪ ላይ አስተማሪዋ ራሷ ቢሮዬ መጣች። ላፕቶፗን ከፍታ አሳየችኝ። ሁሉም እዚያ አለ፤ የመጀመሪያው ቀን፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር። "ሁሉም ደርሶናል" አለች። "ማንም አልከፈተውም።" አለቀሰች። ላጽናናት አልቻልኩም፤ የራሴን ስህተት ግን ነገርኳት፤ ከዚያ ሁለታችንም ወረቀት አውጥተን ውሉ ላይ የሚጨመር አንቀጽ መጻፍ ጀመርን። ኮሌጁ ዕረፍት ላይ ቢሆንም ስልክ የሚያነሳ ሰው እንዲመደብ፤ ያ ካልሆነ በሴሚስተሩ የመጨረሻ ቀን ሳጥኖቹ እንዲነሱ። የኮሌጁ የሕግ ቢሮ ያንን አንቀጽ ይዞ እስከ ፀደይ አቆየው። በመጨረሻ ተፈረመ።

በዓመቱ አስተማሪዋ ሥራ ቀይራ ሄደች። በቦታዋ የተተካው አስተማሪ ወጣት ነው፤ ትሑትም ነው። ውሉን ይዞ መጥቶ በእስክሪብቶው ያንን አንቀጽ ነካ አደረገውና "ይሄ ነገር ለምን ገባ? ብንተወው ሥራው ይቀለን ነበር" አለኝ።

አልተከራከርኩትም። እማማን አስፈቅጄ ሞንትቤሎ ወሰድኩት።

በሩን የከፈቱልን አባባ ናቸው። ደህና ለብሰዋል፣ ጺማቸውን ተላጭተዋል። ጨብጠውን "ግቡ፣ ግቡ" አሉና እኔን ትኩር ብለው አዩኝ። "የማን ልጅ ነሽ?" ነገርኳቸው። ደስ አላቸው፤ አባቴን እንደሚያውቁት ነገሩኝ። አባቴን አያውቁትም። ተቀምጠን ጥቂት እንደቆየን እንደገና ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?"

አስተማሪው ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩለት። እማማ ከኩሽና ሆነው እየሰሙ ነበር፤ ውኃውን ከፍተው ዕቃ ማጠብ ጀመሩ።

ተመልሰን ቢሮው በር ላይ ቆምን። ከመኪናው ሳይወርድ፣ አንቀጹን ሳይነካ፣ ውሉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ፈረመልኝ።