የባለቤቴ ሊኑክስ

ካዛንቺስ ከቢሮዎቹ ጀርባ ባለችው ሱቄ ማመልከቻ፣ ውልና የመታሰቢያ ካርድ እጽፋለሁ። ያለችኝ ኮምፒውተር አሮጌ ናት። ደንበኛ በየፍላሹ ቫይረስ እያመጣ ዊንዶውሷን ሲጨርስባት፣ ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ መጥቶ በምትኩ ቫይረስ ብዙም የማይደፍረውን ሊኑክስ ጫነባት። እኔ ደግሞ ከዎርድ ሌላ አላውቅም፤ ጮህኩበት።

«አንቺ ዎርድሽን ክፈቺ፣ ሌላውን ለእኔ ተይው» አለኝ። ዋይን የሚባል ፕሮግራም አስገብቶ፣ የዊንዶውሱን ዎርድ እዚያው ሊኑክሱ ላይ አስነሳው። በተበላሸ ቁጥር እየተሳደብኩ እደውልለታለሁ፤ እሱ ከቂርቆስ በእግሩ መጥቶ እየሳቀ ያስተካክላል። እሱ እልኸኛ፣ እኔ ምላሴ የማያርፍ፣ እንዲሁ ስንነታረክ ኖርን።

አንድ ጠዋት ልቡ ድንገት ከዳውና ሞተ።

ለአርባው የመታሰቢያ ካርድ ያስፈልግ ነበር። የሰፈሩን ሁሉ ካርድ የጻፍኩ ሰው የባሌን ለሌላ አልሰጥም አልኩ። ልጀምር ስል ኮምፒውተሯ ራሷን አድሳ ኖሮ ዎርድ አልከፈት አለኝ። ሊኑክሱ ይዞት የመጣውን መጻፊያ ሞከርኩ፤ የድሮ ካርዶቼን ስከፍትበት ፊደሉ ባዶ ሳጥን ብቻ ሆነ፣ ፎቶው ወደ ሁለተኛው ገጽ ሸሸ።

ታላቅ እህቱ ሱቅ ድረስ መጣች። «አርባው እሁድ እኮ ነው! በቃ ዊንዶውስ አስጭኚና ይለቅልሽ።»

«እትዬ፣ የእሱን የእጅ ሥራ አላስጠፋም!» ብዬ ጮህኩባት። ተያይዘን አለቀስን።

ሐሙስ ዕለት ግን፣ አርባው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጎረቤቴን፣ ኮምፒውተር ጠጋኙን፣ ጠራሁት።

«ፋይሎችሽን አወጣልሻለሁ፤ ሌላው ግን ይጠፋል» አለኝ። ስክሪኑ ላይ ያለችውን የዎርድ ምልክት በጣቱ አሳየኝ። ባሌ ከሥሯ «ነገረኛዋ፣ እዚህ ተጫኚ» ብሎ ጽፎባታል። «ይቺ ፋይል አይደለችም፣ መክፈቻ ብቻ ናት። ትጥፋ?» አለኝ ጠጋኙ።

«ትጥፋ» አልኩት።

ዊንዶውስ ገባ። ዎርድ ገና ስነካው ተከፈተ። ኮምፒውተሯ እንቢ ባለች ቁጥር ለካ ልቤ እፎይ ይል ነበር፤ ካርዱ እስካልተጻፈ ድረስ የሞተው የሌላ ሰው ባል ይመስለኝ ነበር። አሁን የማሳብብበት አጣሁ። ሁልጊዜ እንደማደርገው፣ በቅርቡ የሠራሁትን ካርድ ከፍቼ የሟቹን ስም በባሌ ስም ተካሁ፤ ፎቶውን ቀየርኩ። ከዚያ ወደ ታች ወረድኩና፣ «ባለቤታቸው» ከሚለው ቀጥሎ የነበረውን የሌላ ሴት ስም አጥፍቼ የራሴን ጻፍኩ።