አንድ ጨዋታ፣ አራት ሽንፈት

የፋብሪካው ስፖርት ክበብ የቼዝ አሠልጣኝ ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ የክበቡ ኃላፊ አቶ ፈንታ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሰውነትህስ ለገመድ ጉተታ ነበር የሚሆን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያኔ እኔ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሹፌሩ ይወጣ ነበር።

የተረከብሁት አራት ተጫዋች፣ ሁለት ሰሌዳና አንድ ፈረስ የጎደለው የጠጠር ሳጥን ነው። በፈረሱ ፋንታ ባዶ የክር ማጠንጠኛ አቆምን።

ከአራቱ ጎበዟ ዘሃራ ነበረች፤ የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪ፣ የጣና ዳር ዓሣ አጥማጅ ልጅ። «ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውል» ትለኝ ነበር። «ቁጭ ብዬ የማስብ እዚህ ብቻ ነው።»

ድክመታችን መክፈቻው ላይ ነው። ጠጠሮቻችን ከቤታቸው ሳይወጡ እንሸነፋለን። ስለዚህ ከስልኬ አንድ የታላላቆች ጨዋታ መረጥሁ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተመዘገበ፣ ውብ ጨዋታ። አራቱንም እንደ ዳዊት አስደገምኋቸው። «እኛ ዘንድ ቁርአን ነው እንዲህ የሚቀራ» አለች ዘሃራ።

ከዚያ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ዘንዘልማ ከአንድ መጋዘን ሠራተኞች ጋር ተጋጠምን። ዕጣው በአራቱም ሰሌዳ ነጩን ለእኛ ሰጠ። የዘሃራ ተጋጣሚ፣ አንድ ቀጭን ሹፌር፣ አምስተኛው እርምጃ ላይ ከጥናታችን ውጭ የሆነ ወታደር ገፋ። እሷ የሸመደደችውን ቀጠለች፤ ፈረሷ ተበላ። ከጎኑ የተቀመጠው ባልደረባው ይህን አየና ያንኑ ወታደር ገፋ። የእኛውም ያንኑ ፈረስ አስበላ። ሦስተኛውም አራተኛውም እንዲሁ። ሳቁን ሰምተው የጣና ጉማሬዎች ብቅ አሉ ይባላል፤ የሚለው እኔ ነኝ።

አቶ ፈንታ አልሳቁም። «የመልሱን ግጥሚያ ብትሸነፉ ቼዝ ይቀራል፤ ገመድ ጉተታ ይገባል» አሉ። በማግስቱ ገመዱን ገዙ።

«ጋሼ፣ ስልኩ ላይ ጥቁሩን የያዘው ሰውዬ ያንን ወታደር ለምን አልገፋም?» አለችኝ ዘሃራ። አሠልጣኝ የማያውቀውን ሲጠየቅ ሻይ ያዛል፤ አዘዝሁ።

ሻዩን እየጠጣን በዚያው መክፈቻ የተጀመሩ ሌሎች ጨዋታዎችን ፈለግን። ቀጣዩን እርምጃ በመዳፌ እሸፍናለሁ። እነሱ ይገምታሉ፣ ምክንያታቸውን ይናገራሉ፣ ከዚያ እገልጣለሁ። ካልተስማማን በሰሌዳ እንሞክረዋለን። የራሳችንንም ሽንፈት እንዲሁ አጠናን። መሃሉ በወታደር ሲዘጋ ፈረሱ ዝም ብሎ ወደ ፊት እንደማይሄድ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ በሌላ በኩል እንደሚዞር ያየነው ያኔ ነው።

የመልሱ ግጥሚያ በእኛ ምግብ አዳራሽ ሆነ። አቶ ፈንታ ገመዱን በትከሻቸው አንጠልጥለው መጡ። ነጩ አሁንም ለእኛ ደረሰ። አንዱን አሸነፍን፣ አንዱን ተሸነፍን፣ አንዱ አቻ ወጣ። ዘሃራና ሹፌሩ ቀሩ።

ሹፌሩ ያንን ወታደር ቀድሞ ገፍቶ ነበር። «እህቴ፣ መንገዱን ታውቂዋለሽ» ብሏታል። «ፈረሱን አምጪ።»

«ትንሽ ሣር ይጋጥ» አለችና ፈረሷን ወደ ኋላ መለሰች።

ሰውየው ፈገግታውን ዋጠ። ሲበላሉ ሲበላሉ ሁለት ንጉሥ ብቻ ቀረ።

«ማን አሸነፈ?» አሉኝ አቶ ፈንታ።

«ማንም፣ ጌታዬ።»

«ተሸንፋችኋል ወይ?»

«አልተሸነፍንም።»

ገመዱን ከትከሻቸው አወረዱና ለዘሃራ ሰጧት። ዛሬ የአባቷ ጀልባ የሚታሰርበት እሱ ነው።

የተመዘገበ ጨዋታ ስታጠኑ ቀጣዩን እርምጃ ሸፍናችሁ ምክንያቱን ገምቱ። እርምጃውን ብቻ የያዘ ሰው፣ ተጋጣሚው ሲለወጥበት የሚጫወተው የለውም።