ቀንበር ተሸክሜ የተያዝኩ ለት

ወገኖች፣ ጌታ ይመስገን። ከነቀምቴ አጠገብ ከጉቶ ጊዳ ነው የመጣሁት፤ በእንቅልፌ ስላገኘኝ ነገር ልመስክር ብዬ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እኔ ጩኸት አይሆንልኝም። ሃሌ ሉያውን እናንተ በሉልኝ፣ እኔ የሆነውን ልናገር።

ያኔ ጌታን አላውቅም። ቅዳሜ አረቄ፣ እሑድ ራስ ምታት፤ በቃ። ከጎረቤቴ ከኦቦ ፈይሳ ጋር አንድ አንድ በሬያችንን አቀናጅተን በተራ፣ አንድ ቀን የእሱን አንድ ቀን የእኔን ማሳ እናርስ ነበር። በወሰን ተጣላንና መሬቱን ላልረግጥ ማልኩ። እሱ አማኝ ነው፤ እኔ ደግሞ አማኝ ሲባል አይጥመኝም ነበር።

አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ፈይሳ ትከሻዬን ሲነቀንቀኝ ነቃሁ። በባዶ እግሬ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። የፈይሳ በሬ ገመድ በእጄ ነው። የከበቡኝ ሰዎች «ሃቱ! ሃቱ!» ይላሉ፤ ሌባ ማለታቸው ነው። የጉቴ ገበያ ቀን ነበርና ሊሸጠው ነው ተባለ። «አላውቅም» አልኩ። ማን ያምናል? እኔም ራሴን አላመንኩም። ተከሰስኩ፤ የበሬ ሌብነት ደግሞ እስር ነው።

ባለቤቴ በእንቅልፉ ተነስቶ ይሄዳል ብትል፣ ፍርድ ቤቱ ነቀምቴ ሐኪም ዘንድ ላከኝ። ሐኪሙ ብዙውን የጠየቀው ባለቤቴን ጫልቱን ነው። «ሌሊት ይነሳል፤ ዓይኑ ተከፍቶ እጠራዋለሁ፣ አይሰማኝም። ጠዋት ስነግረው ይስቅብኛል» አለችው። ጭንቅላቴንም በመሣሪያ አየ። «የሚጥል በሽታ አይደለም፤ ሰይጣንም አይደለም። በእንቅልፍ ልብ መሄድ ነው፤ አረቄና እንቅልፍ ማጣት ያብሱታል» አለን። ለፍርድ ቤቱም ይህንኑ አስረዳ። ዐቃቤ ሕጉ ግን «የዚያን ዕለትስ ተኝቶ እንደነበር በምን ይታወቃል?» አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር።

ያን ጊዜ ኦቦ ፈይሳ ተነሳ። «ያልተናገርኩት አለ» አለ። «ስይዘው የራሱንም በሬ እየነዳ፣ ቀንበር ተሸክሞ ነበር። የሚሄደውም ወደ ገበያ አይደለም፣ ወደ እኔ ማሳ ነው። ባንጣላ ኖሮ ዕለቱ የእኔ ተራ ነበር። ተናድጄ እሱ ሳይነቃ፣ ሰውም ሳይደርስ፣ ቀንበሩን አውርጄ በሬውን አባረርኩና ነገሩን ደበቅኩት። ጌታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።»

ወገኖች፣ ነጻ ወጣሁ። ጌታ ይክበር! ሰውየው ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ከሳሼን እውነት ያናገረውን ጌታ ፈለግሁት፣ አገኘሁት። ስሙ ይባረክ!

ተፈውሼ እንደሆነ ትጠይቁኛላችሁ። አረቄውን ትቻለሁ፣ በጊዜ እተኛለሁ፤ በእንቅልፌ ከተነሳሁ ቆይቷል። የበሩን ቁልፍ ግን አሁንም የምትይዘው ጫልቱ ናት። ሐኪም ያለውን መስማት ጌታን መጠራጠር አይደለም። ማንም አያምነኝም ብላችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ በእሱ ታመኑ፤ እኔን ተኝቼ እንኳ አልጣለኝም።

ነገ ተራው የኦቦ ፈይሳ ነው። ነቅቼ እሄድለታለሁ።