የጋራስሌ ውሃ ጠባቂ

ሽሬ ቢሌ ዱካ አንባቢ ነበር። አሸዋ ላይ የቀረ ኮቴ አይቶ፣ «ሳላ ናት፤ ጠዋት አልፋለች፤ የኋላ ግራ እግሯን ታነክሳለች» ይላል። ተከትለው ሲደርሱ ሳላዋ እውነትም ታነክሳለች። ድሬዳዋ ላይ ከባቡር ወርደው ከዚራ በሚባለው ሰፈር የሚያርፉ ፈረንጅ አዳኞች ከእሱ ሌላ መሪ አንፈልግም እስከማለት ደርሰው ነበር።

የተወለደው ከድሬዳዋ በስተሰሜን ባለው በረሃ፣ ጋራስሌ የሚባል የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ነው። በ1943 ዓ.ም. በሽታ ግመሎቹን ሲፈጅበት ሚስቱን ዳሃቦን ይዞ ከተማ ገባ። ታናሽ ወንድሙ ኢስሃቅ ግን ከተረፉት ከብቶች ጋር እዚያው ቀረ። ሽሬ ለአዳኞች መኪና የሚያከራይ አንድ ፈረንጅ ዘንድ ተቀጠረ። የመኪናው ሾፌር ተሰማ የመንዝ ሰው ነበር። አንዱ ለሌላው አማርኛና ሶማልኛ እያስተማረ አሥራ አራት ዓመት አብረው በረሃውን ዞሩት።

ሽሬ መጀመሪያ አደኑን አልጠላውም። የወደቀው እንስሳ ነፍሱ ሳትወጣ ሮጦ ይደርስና ያርዳል፤ ሥጋው በመንገድ ላይ ላገኙት አርብቶ አደር ይተርፋል። በ1957 ዓ.ም. ግን አንድ አዳኝ ከመኪና እንኳ ሳይወርድ የዱር አህያ መንጋ ላይ ተኩሶ አምስት ጣለ። ሥጋቸውን የሚበላ የለም፤ ቆዳቸውንም ሰውየው አልፈለገውም። አንዷ እርጉዝ ነበረች፤ አልሞተችም። ሽሬ ወርዶ በቢላዋው ከስቃይዋ ገላገላት። ከዚያ ተሰማ ቢለምነው፣ ቢቆጣው፣ መኪናው ላይ አልወጣም አለ። ከተማ የገባው በእግሩ ነው።

ሁለት ዓመት አልፎ አቶ ሀብተ ማርያም የሚባሉ ሹም ከአዲስ አበባ መጡ። አደን የሚከለከልበት፣ እንግዳ እየመጣ አራዊት የሚያይበት ክልል ሊያቋቁሙ ቦታ ይፈልጉ ነበር። ተሰማ ወደ ሽሬ ወሰዳቸው። የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም፤ ሽሬም ለሹሙ ብሎ አመሉን አልቀየረም።

«አደን ይቀራል ነው የምትለኝ?»

«ፈጽሞ ይቀራል። እንግዳው ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል፤ በቃ።»

«ሰውስ? ጋራስሌ የኛ የበጋ ውሃ ነው።»

«ሰው እንደ ድሮው ይጠጣል» አሉት።

ሽሬ መራቸው። የዱር አህዮቹ በየትኛው ሸለቆ ወርደው፣ በስንት ሰዓት እንደሚጠጡ አንድ በአንድ አሳያቸው። ክልሉ ሲቋቋም ካኪ አልብሰው፣ ጠመንጃ አስይዘው የዘበኞች አለቃ አደረጉት። ለጥቂት ዓመት ነገሩ ቃል እንደተገባለት ሆነ። ኋላ እንግዳ ሲበዛ፣ የዱር አህያው ፍየል ካየ ወደ ውሃው አይቀርብም ተባለ። ደብዳቤ መጣ፦ ሰው በስልቻ ቀድቶ ይሂድ፤ ከብት ግን ወደ ውሃው አይድረስ። ጋራስሌ በሽቦ ታጠረ። በር ተሠርቶለት ተቆለፈ፤ ቁልፉም ለሽሬ ተሰጠ። አንድ ዘበኛ አዝኖ ለዘመዶቹ ቢከፍት ወዲያው ታሠረ።

በ1965 ዓ.ም. ዝናብ ጨርሶ ቀረ። ኢስሃቅ ሚስቱ ሞታበት ከዘጠኝ ዓመት ልጁ ከሸምሶ ጋር ብቻ ነበር የሚኖረው። አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ግመልና አሥራ አንድ ፍየል እየነዱ ሁለቱም ጋራስሌ ደረሱ። ተሰማ በዚያው ቀን አራት እንግዶች አምጥቶ፣ ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ በተሠራው የድንጋይ ዳስ ውስጥ አስቀምጧቸው ነበር።

«ወላሎ፣ ክፈትልኝ» አለ ኢስሃቅ። ወንድሜ ማለቱ ነው።

«ለአንተና ለልጅቷ ውሃ አለ። ከብቶቹ ግን እስከ ማታ ይቆዩ። እንግዶቹ ሲሄዱ እከፍትልሃለሁ።»

«ፍየሎቹ እስከ ማታ አይቆሙም።»

«ካዩኝ እታሠራለሁ።»

ኢስሃቅ ወደ ዳሱ ተመለከተ። «እነዚህ ምን ሊያዩ መጥተው ነው?»

«የዱር አህያ።»

ሽሬ ኮዳውን ለሸምሶ አቀበላት። ግማሹን ጠጣችና የቀረውን በመዳፏ እያደረገች ለአንድ ግልገል አጠጣች። ሽሬ አየ፤ አልከለከላትም። ስልቻቸውንም ሞላላቸው።

እኩለ ቀን ሳይሆን ሁለት ፍየሎች ወደቁ። ኢስሃቅ ተነሣ። የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የተተወ አሮጌ ጉድጓድ እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ።

«እዚያስ አትግባ» አለው ሽሬ። «ግድግዳው ላልቷል።»

«የምገባበትንማ አንተ ቆለፍከው» አለና ከብቶቹን ነዳ።

እንግዶቹ ጀምበር እስክትጠልቅ ቢጠብቁ አንድም የዱር አህያ አልመጣም። ተሰማ ለባቡራቸው ሊያደርሳቸው ወደ ከተማ ይዟቸው ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ከዚያ በኩል የመጣ አንድ ግመል ነጂ ለሽሬ ነገረው። አሮጌው ጉድጓድ ጥልቅ ነው። ኢስሃቅ ራሱ ቢወርድ ገመዱን ይዞ የሚያወጣው ሰው የለም፤ ሸምሶን በገመድ አሥሮ አወረዳት። ሁለት ጊዜ ስልቻውን ሞልታ ላከችለት። በሦስተኛው ግድግዳው ተናደባት። አባትየው እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን በእጁ ሲቆፍር አድሮ አወጣትና እዚያው ቀበራት።

ሽሬ ሲደርስ ወንድሙ መቃብሩ አጠገብ ተቀምጧል። የእጁ ጥፍሮች ተነቅለዋል። ሽሬ ራቅ ብሎ ቆመ። እንዲሰድበው፣ ድንጋይ አንሥቶ እንዲመታው ጠበቀ።

ኢስሃቅ ቀና ብሎ፣ «አህዮቹ መጡ?» አለው።

«አልመጡም።»

ሽሬ ጋራስሌ ተመልሶ ቁልፉን ከፈተ፤ በሩንም ከነማጠፊያው ነቅሎ ጣለው። ወሬው በረሃውን አዳረሰ። አራት ቀን ሙሉ ከየአቅጣጫው ከብት ሲጎርፍ ሰነበተ። በአምስተኛው ቀን አቶ ሀብተ ማርያም ከፖሊሶች ጋር ደረሱ።

«ምን አደረግህ፣ ሽሬ?»

«ሰው እንደ ድሮው ይጠጣል ብለኸኝ ነበር» አላቸውና ጠመንጃውን አስረከበ።

ስምንት ወር ድሬዳዋ ታሠረ። ዳሃቦ በየቀኑ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ ስንቅ ታመላልስለት ነበር። ተሰማ ሊጠይቀው በመጣ ቁጥር ሽሬ ስለ ጋራስሌ ይጠይቀዋል፤ ተሰማ ደግሞ መዋሸት አይሆንለትም። ከብቱ ውሃ ቢጠጣም ሣር አልነበረም። እዚያው ጉድጓዱ ዙሪያ አለቀ፤ ጅብ ሰፈረበት። የዱር አህዮቹም ሌላ ውሃ ፍለጋ ሄደው በዚያው ቀሩ። ሽሬ ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲህ ለማንም አልሆንኩም» አለ።

ከእስር ሲወጣ ከዚራ አንድ ቪላ በር ላይ ዘበኛ ሆነ። አንድ ጊዜ ተሰማ የዱር አህያ ማየት የሚሹ እንግዶች ይዞ መጣ፤ የድሮውን መሪ ካላገኘን ብለውት ነው። ሽሬ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «መንገዱን አላውቅም» አለ። ተሰማ ለእንግዶቹ፣ ሰውየው አርጅቷል ብሎ አሳለፈው። ሽሬ ያኔ ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላውም።

ኢስሃቅም ከብቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከተማ ገብቶ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። ወንድማማቾቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር የለም። ዳሃቦ ግን በየሳምንቱ ምግብ ትወስድለታለች። ሽሬ የት ሄደሽ ነበር ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

ሽሬ ከእስር በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በኢድ ቀን ኢስሃቅ ሳይጠራ መጣ። ዳሃቦ ሩዝና ሥጋ በአንድ ትሪ አቀረበችላቸው። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው በሉ። የኢስሃቅ ጥፍሮች መልሰው ቢበቅሉም ተጣመው ነው። ሽሬ ላለማየት ዓይኑን ወደ በሩ ያዞራል፤ መልሶ ደግሞ ያያቸዋል።

ኢስሃቅ ሊሄድ ተነሥቶ የወንድሙን እግር ተመለከተ።

«ጫማህ ተቀዷል። ጣቢያው ጋ ጥሩ አድርጎ የሚሰፋ ሰው አለ፤ ነገ ና፣ ላሳይህ።»

ሽሬ ጎንበስ ብሎ የተቀደደውን ጫማውን አየ።

«ይመጣል» አለች ዳሃቦ። «በጠዋት ይመጣል።»