ቡዚያንና ቀዩን የነካችው መርፌ

ጎረቤቴ ቡዚያን በማስካራ ከተማ ገበያ ዳር መኪና ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው። ምላሱ ስለታም ነው፤ ደንግጦ የመጣ ባለመኪና ካገኘ ሳይቀልድበት አይለቀውም። እኔም ብዙ ጊዜ ቀምሼዋለሁ። ስለዚህ በዳውያ ሰርግ ቀን የደረሰበትን ሳይ መሳቅ ይገባኝ ነበር። አልሳቅኩም።

ዳውያ የሟች ወንድሙ የጀሉል ልጅ ናት። ጀሉል ለልጁ የተወላት ንብረት ቢኖር አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ናት፤ ቡዚያንም እንደ ዓይኑ ብሌን ጠብቆ አቆይቷታል። ልጅቷ ለሰርጓ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሙሽራው ደጅ የምትደርሰው በአባቷ መኪና እንዲሆን፣ መሪውንም አጎቷ እንዲይዝላት። እሱም ማለላት።

ሙሽራው የሞስታጋነም ከተማ ልጅ ነው። ሊወስዷት የመጡት ዘመዶቹ በሚያብረቀርቁ መኪኖች መጡ። ሚሉድ የሚባል የአጎቱ ልጅ የጀሉልን መኪና ዞር ዞር ብሎ አየና፣ “ሐጂ፣ እንግፋልዎ ወይስ በራሷ ትሄዳለች?” አለ። ሁሉም ሳቀ። ቡዚያንም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ሲቀላ አይቻለሁ። በዚያች መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ያፈረው ያኔ ይመስለኛል።

ሰልፉ ተነሳ። እንደ ደንባችን በጠራራ ፀሐይ መብራት ቦግ አድርገን፣ የግራና የቀኙን ፍሬቻ አንድ ላይ እያብለጨለጭን፣ ክላክስ እያስጮህን ሄድን። ሙሽራ የያዘ ሰልፍ መንገድ ላይ አይቆምም፤ ከቆመ መጥፎ ምልክት ነው የሚሉትን የአሮጊቶቹን አፍ ማን ይችለዋል? እኔ ከቡዚያን ኋላ ነበርኩ። ዳገቱን ስንጀምር ድንገት ወደ ዳር ወጣና ቆመ። ወርጄ ስደርስ ፊቱ አመድ መስሏል። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ቀዩን ነክታለች።

“ውሃዋ ፈልቷል” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “እነሱ ፊት እንፋሎት ስትተፋ ማየት አልችልም።”

ራሱ በሩን ከፍቶ ዳውያን በእጇ ይዞ ወደ ሚሉድ መኪና አሻገራት። ቀሚሷ አቧራው ላይ ተጎተተ። ሚሉድ ፈገግ ብሎ በሩን ዘጋ። ፈገግታው ከስድብ ይብስ ነበር። ሰልፉ እየጮኸ አለፈን።

ሁለታችን ቀረን። ኮፈኑን ሲከፍት እንፋሎት ይመጣል ብዬ ሸሸሁ። እንፋሎት የለም። የሚሸት ነገርም የለም። የራዲያተሩን ጎማ ቱቦ በእጁ ጨበጠው፤ እንደወትሮው ሞቅ ያለ ነው እንጂ አያቃጥልም። ገብቶ ሞተሩን ሲያስነሳ መርፌዋ መሐል ላይ ቆመች። መብራቱንና ፍሬቻውን አበራ፤ ወደ ቀዩ ወጣች። አጠፋ፤ ወረደች። ደግሞ አበራ፣ ደግሞ አጠፋ። በመጨረሻ እጁን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሰዶ የላላችውን የማሳ ሽቦ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ መኪናዋ አካል የምትመልሰውን፣ ጠበቅ አድርጎ ሲይዛት፣ መብራቱ በርቶም መርፌዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አልል አለች። ሞተሩ ጤነኛ ነበር። በአዘቦት ቀን መብራትና ፍሬቻ አንድ ላይ የሚያበራ ስለሌለ ችግሩ ሳይታይ ኖሯል።

“ይቺን ሌላ ሰው ይዞልኝ ቢመጣ መጀመሪያ የምነካው ቱቦውን ነበር” አለኝ።

ዛሬ ለምን አስቀድሞ እንዳልነካው አልጠየቅኩትም። መርፌዋን ወዲያው ያመናት ቀድሞ በመኪናዋ ስላፈረ ነው፤ እሱም አውቆታል።

ሞስታጋነም ስንደርስ በራሷ እንደመጣች እንዳይታይ መኪናዋን ከሰርጉ ቤት ራቅ አድርጎ አንድ ግንብ ጀርባ ደበቃት። በእግር ገባን። መኪናዋ ምን ሆነች ሲሉት እኔ አሳዝኖኝ ቀድሜ ሞተሯ እንደፈላ፣ ዕድሜም እንደተጫናት ተናገርኩለት። ሰዎቹ ከንፈር መጠጡ፣ ሻይም ሰጡት። ነገሩ በዚያው ሊቀር ይችል ነበር።

ዳውያ ግን አስጠራችው። ዓይኗ አብጧል። እጁን ይዛ፣ “አጎቴ፣ የአባቴ መኪና ሞተች?” አለችው።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ አዎ በላት እያልኩ በልቤ እለምነው ነበር።

“አልሞተችም ልጄ። ምንም አልሆነችም። መለኪያዋ ዋሽታ ነው፤ እኔም ሳልፈትሽ አመንኳት።”

ዳውያ እጁን ለቀቀች።

“ታዲያ የአባቴ መኪና እዚህ ደጅ ድረስ ታመጣኝ ነበራ?”

“አዎ፣ ታመጣሽ ነበር” አለ ቡዚያን፤ ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልቻለም።