አልደን ፕራት ክርክር ያስዘጋ ዕለት

አልደን ፕራት ኮሌጅ ገብቶ የአሜሪካን መንግሥትና ፖለቲካ ማጥናት ከጀመረ ወዲህ፣ ገበታ ላይ ወተት አቀብሉኝ ማለት እንኳ ተስኖት ነበር። «ወተቱ ወደዚህ እንዲያልፍ ሐሳብ አቀርባለሁ» ይላል፤ እናቱ ቨርና በኩራት ትስቃለች። ጎረቤታቸው ነኝና ያን ሳቅ በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር። ምስኪን እናት፤ በመንደራችን ትምህርት ቤት ለልጆች ምሳ እያበሰለች ነው ያስተማረችው።

በዚያ ዓመት ግብር የከበዳቸው ሰዎች ትምህርት ቤቱ ይዘጋ፣ ልጆቹም በአውቶቡስ ተራራ ማዶ ሄደው ይማሩ አሉ። እኛ የቨርሞንት ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ለሹም አንተወውም፤ በረዶው ወደ ጭቃ ሲዞር አዳራሽ ተሰብስበን እጅ አውጥተን እንወስናለን። ቨርና ልጇን ጠራችው። «አንተ ተምረሃል፤ እኛ አፋችን ይተሳሰራል። ሥራዬን እንዳያሳጡኝ ተናገርልኝ።»

መጣ። ሸሚዙ እንደ ክረምት ጨረቃ ነጭ፣ ጫማው ጭቃችንን የሚጸየፍ። የስብሰባ ደንብ መጽሐፉን እንደ ሙሽራ አቅፎታል።

ግብር የከበዳቸው ቀድመው ተናገሩ፤ አስረዝመውም ተናገሩ። የትምህርት ቤቱ ወገን ተራ ሲደርስ መምህርቷ ሪባ ኮልሰን ማይክሮፎኑ ጋ ቆመች፤ ከኋላዋ እናቶች ተሰልፈዋል። ከምድር ቤቱ የባቄላ ሾርባ ሽታ ይወጣል። አልደን አዳራሹን በዓይኑ ለካው፤ የእኛ ወገን የሚበልጥ መሰለው። ዋና ከተማ ያሉ እንደራሴዎች በቁጥር ሲበልጡ ክርክሩን ዘግተው ወደ ድምፅ እንደሚሮጡ ተምሮ የለ? እጁን አወጣ።

«አቶ ሰብሳቢ፣ ክርክሩ ተዘግቶ ወደ ድምፅ እንዲኬድ ሐሳብ አቀርባለሁ።»

«እኔ ገና አልተናገርኩም እኮ፣ አልደን» አለች ሪባ። ማንበብ ያስተማረችው እሷ ናት።

«ቲቸር፣ በዚህ ሐሳብ ላይ ክርክር አይፈቀድም። ደንቡ ነው።»

«የኔ ሆድ ደንብ ደግሞ ምሳ ይላል» አለ ከኋላ አንድ ገበሬ። አዳራሹ ሳቀ። የራበው ሁሉ እጁን አወጣና ክርክሩ ተዘጋ። ወዲያው ድምፅ ተሰጠ። ልባቸው በሁለት የተከፈለ ሰዎች የሰሙት የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ነበርና ትምህርት ቤቱ በጥቂት እጅ ተሸነፈ።

ያንገበገበኝን በዜማ ካላወጣሁት እንቅልፍ አይወስደኝም፦

አፍ ይሁነን ብለን ትምህርት ቤት ሰደድነው፣
አፋችን ሲዘጋ ቁጭ ብለን አየነው።

አልደንን በሩ ላይ ያዝኩት። «ምን አደረግህ አንተ ሰው?»

«አካሄዱ ንጹሕ ነበር» አለኝ። «ፕሮፌሰሬ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር።»

ደስም አላቸው። ያን ስብሰባ «የቀጥተኛ ዴሞክራሲ ውበት» ብሎ ጽፎ ከክፍሉ አንደኛ ወጣበት። ውበቱን ቨርና ታውቀዋለች፤ ሳይነጋ በበረዶ ላይ መኪናዋን እየነዳች ተራራ ማዶ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ አልጋ ታነጥፍ ጀመር።

በቀጣዩ ዓመት ስብሰባ አልደን ተመልሶ መጣ። እናቱ አጠገብ ተቀምጦ ሲቁነጠነጥ ቆየና ተነሣ። ድምፁን እንደ ቀብር ሰባኪ አለሰለሰው።

«ለቀድሞው ትምህርት ቤታችን ሠራተኞች የምስጋና ቃል በመዝገብ እንዲሰፍር ሐሳብ አቀርባለሁ።»

«የሚደግፍ አለ?» አሉ ሰብሳቢው፣ ሽማግሌው ሆይት። ሐሳቡ ለድምፅ እንዲቀርብ አንድ ደጋፊ ይበቃው ነበር። አበባ ይዞ የገደለውን ሊቀብር የመጣን ሰው ግን ማን ይደግፋል? ሪባ ወደ መስኮቱ ዞረች። ገበሬው ጣራ ጣራውን ያያል።

«እማ» አለ አልደን በሹክሹክታ።

ቨርና እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳጣመረች ቀና ብላ አየችው። «ሰዉን አታስጠብቅ፣ ልጄ። ተቀመጥ።»

ሆይት «ደጋፊ ስላላገኘ ሐሳቡ ወድቋል» አሉና ወደ ድልድዩ ጥገና ተሻገሩ። እኔም ስለ ድልድዩ የምለው ነበረኝና እጄን አወጣሁ።