ተኳርፈውም ልጅ ያሳዝሉ ነበር

የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ አንድ አንቀልባ በምስማር ተቸንክሯል። ዛጎሉ ከነጌጡ አለ፤ ማንገቻው ግን እንደ ቋንጣ ደርቆ ተኮማትሯል። የልጅ ልጄን ዮናስን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ሥልጠናው እስኪጀመር ስጠብቅ፣ ዓይኔ ከአንቀልባው አልነቀል ቢለኝ ተነሥቼ ሄድኩና አፍንጫዬን አስጠጋሁበት፤ ከአቧራው ሥር፣ እታች፣ ቅቤ የጠጣ ቆዳ ሽታ አሁንም አለ። «እማማ፣ እሱ ለዕይታ ነው፤ አይነካም» አለችኝ አሠልጣኟ፤ ቅን ልጅ ናት፣ በትሕትና ነው ያለችው። እኔ ግን ብው ብዬ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ልጅ ሲታዘልበት የኖረ ነገር፣ ልጅ ታቅፌ መጥቼ አትንኪ ልባል?

ብስጭቴ እርግጥ ከዚያም በፊት የጀመረ ነው። ልጄ ሰብለ አስተማሪ ናት፤ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሰኞ ሥራ መግባት አለባት። እኔ ደግሞ ትከሻዬን ከታመምኩ ወዲህ ክንዴ ወደ ኋላ አልዞር ብሎኛል፤ ዮናስ ደግሞ ካልታዘለ አይተኛም፣ ካልተኛ አይበላም፣ ካልበላ ሠፈራችንን ፀዳን በሙሉ በለቅሶ ይቀሰቅሳል። ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጥ ማዕከል በሠፈራችን ተከፈተ ሲባል ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ ለካ የሕፃናት ማቆያው የሚቀበለው ዓመት የሞላውን ብቻ ነው። «ላልሞላውስ ምን አላችሁ?» ብል፣ «ሥልጠና አለን» አሉኝ። «ልጄ እኮ ሥራዋን ልትለቅ ነው» ብል፣ «ሥልጠናውም ድጋፍ ነው፣ እማማ» አሉኝ። ይህን ለሰብለ ስነግራት ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ቀና ሳትል «ግድ የለም፣ እቀራለሁ» አለች። ተምራ፣ ደክማ፣ ሌት ተቀን አንብባ የያዘችውን ሥራ እንደ እርጥብ ጨርቅ ጨምቃ ልታሰጣው ነው። አዳራሹ ድረስ እየገፋ ያመጣኝ ያ «ግድ የለም» ነው።

የዕለቱ ትምህርት ልጅን ዓይን ዓይኑን እያዩ ማጫወት ነበር። ክፉ ነገር አልተባለም፤ አሻንጉሊቶቹም ሸጋ ናቸው። መሃል ላይ ግን አሠልጣኟ «እስቲ ንገሩኝ፣ ልጅ ስታሳድጉ ከጎረቤት ማን ያግዛችኋል?» ብላ ጠየቀች፤ አዳራሹ ጭጭ አለ። ወጣቶቹ እናቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ ምንም ያልሆነውን የልጇን ካልሲ ማስተካከል ጀመረች። እኔ በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ያ የቆዳ ሽታ ከአፍንጫዬ ሳይወጣ፣ ወደ ልጅነቴ ግቢ ጭልጥ ብዬ ሄድኩ።

ያደግንበት ግቢ ከቀሐ ወንዝ ብዙም አይርቅም። በአንድ በር የሚገባባቸው፣ ጀርባ ለጀርባ የተደጋገፉ የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ መሃል ላይ አንዲት ወይራ፣ ከወይራዋ ሥር ደግሞ የእናቶች ቀሚስ ሲፈትጋት ኖሮ የለሰለሰች አንዲት መቀመጫ ድንጋይ። ግቢው በሙሉ አንድ አንቀልባ ነበረው። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ መጨረሻ የወለደች ትይዘዋለች፣ ቀጥላ የምትወልደዋ ሆዷ ገፋ ሲል ደግሞ ቅቤ አጠጥታ፣ ፀሐይ ላይ አለስልሳ ታስረክባታለች። ከኔ በፊት የታዘሉት ልጆች እያኘኩ የቦጨቁት ጠርዝ ነበረው፤ እኔም ጥርሴን ያወጣሁት እዚያችው ላይ ነው ይሉኛል።

አንቀልባ ግን ረዳት ይፈልጋል። አንዲት ሴት ጎንበስ ስትል ሌላዋ ከኋላ ሆና የልጁን መቀመጫ ደግፋ፣ እግሩን ግራና ቀኝ ከፍታ፣ ማንገቻውን በትከሻዋ ላይ አሳልፋ ታቀብላታለች። ብቻዋን የምትችል አትጠፋም፤ ሰው ሞልቶ እያለ ግን ምን አታገላት? ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ከግቢያችን የማይጠፋው ድምፅ «አሳዝሉኝ» የሚል ነበር። አሳዝሉኝ ከተባለ ማማሰያ ከድስት ይወጣል፣ እጅ በቀሚስ ይጠረጋል፣ ይሮጣል። እንዳትሳሳቱ ታዲያ፤ እጅ ብቻውን አይመጣም፣ ምላስም አብሮ ይመጣል። ያበላችሽ ሁሉ የመቆንጠጥ መብት አላት፤ ያሳዘለች ሁሉ የመምከር መብት አላት፤ ምክሩም ማለቂያ የለውም።

ከሁሉም የባሰችው እትዬ ዘርትሁን ነበረች። ቤቷ ከኛ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ ከአብራኳ የወጣ ልጅ የላትም፣ የግቢው ልጅ በሙሉ ግን የሷ ነው። አፍንጫችንን ስትጠርግ እንባችን አብሮ ይወጣል። ታናሽ ወንድሜን አዲሱን ልታሳዝል በመጣች ቁጥር ማንገቻውን ገና ሳትጨብጥ ትጀምራለች፤ «ይታይሽ፣ ምነው ይኼ ልጅ አንገቱ ሰለለ? ትናንት ምን አበላሽው? እግሩን ተይው እንጂ፣ ገብስ ነው እንዴ የምትጭኚው? ኮፍያውስ የት ሄደ?» እናቴ ይታይሽ ጥርሷን ነክሳ «እሺ እትዬ፣ እሺ» ትላለች። እትዬ ዘርትሁን አሳዝላ ስትጨርስ ድንጋይዋ ላይ ትቀመጥና ከአንገቱ ጀምራ እንደገና ትወርድበታለች።

አባቴ ያኔ ለሥራ መተማ ወርዶ ነበር። ቤታችን የሚኖረው እናቴ በገበያ ቀን አምባ ጊዮርጊስ ሄዳ አምጥታ በምትሸጠው ነጭ ሽንኩርት ነው፤ የማለዳው መኪና ካመለጣት ሳምንቱን ሙሉ ማጀታችን ባዶ ነው፤ አዲሱ ደግሞ ጡት ስላልጣለ አብሯት መሄድ አለበት። ሁዳዴ ሊገባ ባለበት ሰሞን አንድ ቀን፣ ሴቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ እትዬ ዘርትሁን «ልጁ የከሳው አንቺ ገበያ ለገበያ ስለምትዞሪ ነው» አለቻት። ያን ሁሉ ምክር የዋጠችው እናቴ ይህን መዋጥ አቃታት፤ «የወለድሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት። እትዬ ዘርትሁን ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች፣ ቤቷ ገባች፣ በሯን ዘጋች። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም የለም፤ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ፊቷን ታዞራለች።

የሚቀጥለው ገበያ የማርያም ዕለት ዋለና ሴቶቹ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ ሄዱ። ግቢው ውስጥ የቀሩት እናቴ፣ እኔ፣ አዲሱ፣ እና በሯ ላይ ተቀምጣ ምስር የምትለቅም እትዬ ዘርትሁን ናቸው። እናቴ ብትሞት አትጠራትም። እኔን ከኋላዋ አቆመችኝ፤ ቁመቴ ከወገቧ አያልፍም። ከሥር በሁለት መዳፌ ስገፋው አዲሱ በግራ ይንሸራተታል፣ በግራ ስይዘው በቀኝ ያዘነብላል፤ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሱ ያለቅሳል፣ እናቴ «ያዢው እንጂ፣ ምን ነክቶሻል» እያለች ትቆጣኛለች፣ ከመንገዱ ደግሞ የመኪናው ጡሩንባ ይጮኻል። በመጨረሻ እናቴ ቀጥ አለች፤ ወይራዋን እያየች፣ ለወይራዋ እንደምትናገር፣ «አሳዝሉኝ» አለች።

ሰፌዱ መሬት ሲቀመጥ ሰማሁ። እትዬ ዘርትሁን መጣች። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ደገፈች፣ እግሩን ከፈተች፣ ማንገቻውን አሳለፈች፤ እናቴም ሳትዞር ተቀበለቻት። እትዬ ዘርትሁን ኮፍያውን ወደ ጆሮው ስባ አወረደችለት። አፏ ሲከፈት በዓይኔ አየሁ፤ ከዚያ ተመልሶ ሲዘጋ አየሁ፤ ያ ምን ያህል እንደከበዳት ዛሬ ነው የሚገባኝ። ወደ ምስሯ ተመለሰች፤ እናቴም መኪናው ላይ ደረሰች።

ሁዳዴው በሙሉ እንዲሁ አለፈ። እናቴ ለወይራዋ «አሳዝሉኝ» ትላለች፣ እትዬ ዘርትሁን ትመጣለች፣ ታሳዝላለች፣ ተለያይተው ይሄዳሉ፤ ኩርፊያው እንዳለ ነው። መምከር ስለተከለከለች ምክሯ ሁሉ ወደ እጇ ወረደ፤ የላላውን ታጠብቃለች፣ የጠበቀውን ታላላለች፣ ለኔ ቆሎ በመዳፌ ታስጨብጠኛለች። ለፋሲካ የግቢያችን ሸማኔ አያ ታከለ ሽማግሌ ሰብስቦ አስታረቃቸው። ይቅር ተባብለው ተሳሳሙ፤ እትዬ ዘርትሁን እንባዋን ጠረገችና ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ «ይኼ ኮፍያ እኮ ጠቦታል፤ ዓይንሽ የት ነው?» የሚል ሆነ። እናቴ እየሣቀች «እሺ እትዬ» አለች።

ግቢው ከፈረሰ ቆየ። አንዳችን ፀዳ፣ አንዳችን አዘዞ ገባን። አንቀልባው መጨረሻ የወለደችው እጅ ቀርቷል፤ ማን እንደነበረች ግን እኔና አዲሱ ተከራክረን አልተስማማንም።

ሰኞ ጠዋት ሰብለን «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» ብዬ በግድ ሸኘኋት። ረፋድ ላይ ዮናስ ለቅሶውን ጀመረ። በፎጣ ላዝለው አልጋው ላይ ተደግፌ ሞከርኩ፣ ትከሻዬ እንቢ አለ። አቅፌ ዞርኩ፣ ባሰበት። በዚህ መሃል ስልኬ ጠራ፤ ሰብለ ናት። ይህን ለቅሶ ከሰማች ትመጣለች፤ ከመጣች ደግሞ አትመለስም። ስልኩን ባለበት ትቼ ግቢ ወጣሁ። በኛና በጎረቤታችን መካከል አናቱ ላይ ጠርሙስ የተሰካበት ግንብ አለ። ከግንቡ ማዶ ያለችውን ሴት የማውቃት በሬዲዮዋና በብረት በሯ ጩኸት ብቻ ነው። ግንቡን እያየሁ «አሳዝሉኝ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አላማረኝ። ደገምኩት፣ ጮክ ብዬ።

ሬዲዮው ተቀነሰ። ቆይቶ በራችን ተንኳኳ፤ ሻሽ ያሰረች፣ እጇ በሳሙና አረፋ የራሰ ሴት። «እማማ፣ ማንን ነው የሚጣሩት?» አለችኝ። «አንቺን» ብዬ ልጁን ሰጠኋትና ጀርባዬን አዞርኩላት። ጥቂት ግራ ተጋባች፤ ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ደገፈች፣ እግሩን ከፈተች፣ የፎጣውን ጫፍ በትከሻዬ ላይ አሳለፈችልኝ። ዮናስ ወዲያው ዝም አለ። «ኮፍያ የለውም እንዴ?» አለች።

በልቤ ለመንኳት፤ ቀጥዪ እንጂ፤ አንገቱስ? እግሩስ? ምን እንዳበላሁት አትጠይቂኝም? መቀመጫ ላወጣላት ዞር ስል «በሉ እማማ፣ ልብስ ዘፍዝፌ ነው የመጣሁት» ብላ ሄደች፤ የብረት በሯ ተዘጋ፣ ሬዲዮዋም ወደ ቦታው ተመለሰ። ስልኬ እንደገና ሲጠራ አነሣሁና ሰብለን «ተኝቷል፤ አስተምሪ» አልኳት።

ዮናስ ጀርባዬ ላይ እያንኮራፋ ግቢዬን ስመላለስበት ብስጭቴ እንደገና መጣ። አንዲት ጥያቄ ጠይቆ መሄድ ምን የሚሉት ነው? እትዬ ዘርትሁን ብትሆን ገና ከአንገቱ ወደ እግሩ ባልደረሰች ነበር። ስሟን እንኳ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እኛ እኮ ለመኳረፍ እንኳ የሚበቃ ትውውቅ የለንም። ቤት ገብቼ ኮፍያውን ፈለግሁና አጠለቅሁለት። ነገ ስጠራት ግን አውልቄለት ነው የምጠብቃት።